የጎመን ቀይ ብርሃን፦ እንዴት ይበራል፣ እንዴት ይጠፋል?

ደብረ ብርሃን ላይ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። «ኮምፕሌክስ» (መሃሉ ላይ የሜታል አቶም ተቀምጦ ሌሎች አቶሞች የከበቡት ውህድ) የሚለው ትምህርት ላይ ስንደርስ ክፍሉ በሙሉ ያዛጋል። ያገኘሁለት መድኃኒት ጎመን ነው። ጎመንን አረንጓዴ ያደረገው ክሎሮፊል፣ መሃሉ ላይ ማግኒዥየም የተቀመጠበት ኮምፕሌክስ ነዋ! ሐምራዊ ብርሃን ሲያርፍበት ደግሞ ቀይ ያበራል።

ሁለት ሦስት ቅጠል ጎመን፣ 96 ወይም 97 በመቶ አልኮልና ፎርጅድ ብር የሚፈተሽበት፣ ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ ይበቃችኋል። በአረቄ አትልፉ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ግማሽ ያህሉ ውሃ ስለሆነ አረንጓዴውን በደንብ አያወጣም።

ጎመኑን አጥባችሁ አድርቁት፣ ቆራርጣችሁ በሙቀጫ ውቀጡት። አልኮሉን እስኪሸፍነው አፍስሱበት። በእኛ ብርድ ግማሽ ሰዓት ጨለማ ቦታ አቆየዋለሁ። ለማፍጠን ብላችሁ እሳት ላይ እንዳትጥዱት፣ ይቀጣጠላል! ከዚያ በጥጥ አጥልሉት።

መብራት አጥፉና ባትሪውን ከጎን አብሩበት፤ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ብቻ። አረንጓዴው ፈሳሽ ደም ይመስላል። ቀዩ ጠርዙ ላይ ብቻ ከታያችሁ በጣም ወፍሯል፤ አልኮል ጨምሩና አቅጥኑት።

አሁን ሁለት ብርጭቆ አምጡ። በየብርጭቆው አንድ አንድ ማንኪያ ጭማቂ አድርጉ። አንዱ ላይ አራት ማንኪያ አልኮል፣ ሌላው ላይ አራት ማንኪያ ውሃ። ባለ አልኮሉ ማብራቱን ይቀጥላል። ባለ ውሃው ደፈርስ ይላል፣ ቀዩም ይደክማል። መጀመሪያ ያሳየሁ ጊዜ ባለ አልኮሉን ዘልዬው ነበር። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ቲቸር፣ ስለቀጠነ ቢሆንስ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ባለ አልኮሉ ብርጭቆ የእሷ ሐሳብ ነው።

የክሎሮፊል ሞለኪውል ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ ጭራው ረጅምና ቅባታም ነው። አልኮል ውስጥ እያንዳንዱ ለየብቻው ይኖራል። ውሃ ሲበዛ ግን ጭራው ውሃ ስለማይስማማው ይጠጋጋሉ፤ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ይደራረባሉ። የተቀበሉት ጉልበት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ሁሉም ኮምፕሌክስ እንዲህ አይደለም። አንዳንድ ጠፍጣፋ የፕላቲነም ኮምፕሌክሶች ለብቻቸው ደብዛዛ ናቸው፤ ሲደራረቡ ፕላቲነሙ ከፕላቲነም ይቀራረብና ይደምቃሉ። እሱን ግን በጎመን ዋጋ አታገኙትም።

ባለ ውሃውን ብርጭቆ እንዳትደፉት። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉበትና ቀስ ብላችሁ አማስሉ። ሳሙናው የተከመረውን ክሎሮፊል እየለየ ቅባታም ሆዱ ውስጥ ይይዘዋል። ባትሪውን እንደገና አብሩና ጠብቁ፤ ቀዩ ብቅ ማለት ይጀምራል።