ለእንጨት ሥራ ተስማሚ የጂግሶ ምላጭ አመራረጥ

በጂግሶ፣ ማለትም ቀጭን ምላጩ ሽቅብ ቁልቁል እየተመላለሰ በሚቆርጥ የእጅ የኤሌክትሪክ መጋዝ የተቆረጠ ጣውላ ጠርዙ ሲሰነጠር፣ ሲጠቁር ወይም ከመስመሩ ሲወጣ ብዙ ሰው ማሽኑን ይወቅሳል። በአብዛኛው ግን ጥፋቱ የሚገኘው ለዚያ እንጨትና ለዚያ ቁርጥ ባልተሠራው ምላጭ ላይ ነው። ስለዚህ ምላጭ ከማንሳታችን በፊት ልንመልሰው የሚገባን ጥያቄ አንድ ነው፦ የሚቆረጠው ጠርዝ ተሠርቶ ሲያልቅ ይታያል ወይስ ይሸፈናል?

ምላጩ ከማሽኑ ጋር መግጠሙን ማረጋገጥ ብዙ ጊዜ አይወስድም። በዛሬዎቹ ማሽኖች ላይ የሚገባው መያዣው የላቲኑን ቲ ፊደል የሚመስል ምላጭ ሲሆን፣ ያለ መፍቻ ይገባል፣ ይወጣል። በአንዳንድ የቆዩ ማሽኖች ላይ ደግሞ መያዣው እንደ ዩ ፊደል የተከፈተና በብሎን የሚጠብቅ ነው። አንዱ በሌላው ምትክ ስለማይገባ የቆየውን ምላጭ ይዞ ሄዶ ማመሳከር ይበጃል።

ቀጥሎ የሚታየው የጥርሱ ብዛት ነው። በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ25.4 ሚሊሜትር ውስጥ ከ6 እስከ 8 ጥርስ ያለው ምላጭ ለስላሳ እንጨትን በፍጥነት ይቆርጣል፤ ጠርዙን ግን ሻካራ አድርጎ ይተወዋል። 10 ገደማ ጥርስ ያለው ለአብዛኛው የቤት ዕቃ ሥራ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የደቀቀው ደግሞ ለስስ ኮምፔርሳቶና ለጥቃቅን ቅርጾች ይሆናል። ሆኖም ደቃቅ ጥርስ ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ወፍራም ጣውላ ውስጥ ሲገባ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በሰጋቱራ ስለሚሞላ ምላጩ መቁረጡን ትቶ መፋተግ ይጀምራል፣ እንጨቱም ይቃጠላል። የጥርሱ አሠራርም እንዲሁ ይታይ፦ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው የወጡ ጥርሶች ሰፊ መንገድ እየከፈቱ ይፈጥናሉ፤ ዘንበል ሳይሉ የተሳሉና ጀርባቸው የሳሳ ምላጮች ግን ዝግ ቢሉም ንጹሕ ጠርዝ ይሰጣሉ።

ምላጩ የተሠራበት ብረት በቆረጣው ጥራት ላይ ከሚያመጣው ለውጥ ይልቅ በዕድሜው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ይበልጣል። ካርቦን የበዛበት ብረት ርካሽና ተለማጭ በመሆኑ ለጣውላ ይስማማል። ጥርሱ ከጠንካራ ብረት፣ ገላው ከተለማጭ ብረት የተጣመረው ባይሜታል የሚባለው ግን ለጠንካራ እንጨትና ምስማር ሊኖርበት ለሚችል አሮጌ ጣውላ ዋጋውን ያወጣል። ከእንጨት ፍርፋሪና ከደቀቀ የእንጨት ክር ተጨምቀው በሚሠሩት በቺፑድና በኤምዲኤፍ ውስጥ ያለው ሙጫ የካርቦን ብረትን ጥርስ ቶሎ ስለሚያደነዝዝ፣ እነዚህን ዘወትር የሚቆርጥ ሰውም ባይሜታል ቢይዝ እመርጣለሁ።

ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው የቆረጣውን አቅጣጫ ባለማወቅ ነው። በስዊዘርላንዱ ሲንቲላ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አልበርት ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ1946 የልብስ ስፌት መኪና መርፌን አውልቆ በቦታው የመጋዝ ምላጭ ካሰረ ወዲህ ጂግሶ እንደዚያ መርፌ ሽቅብ ቁልቁል ይመላለሳል። የተለመደው ምላጭ ጥርሱ ወደ ላይ ስለሚያይ የሚቆርጠው ወደ ማሽኑ ሲሳብ ነው። ጥርሱ ከላይኛው ፊት በሚወጣበት ጊዜ የእንጨቱን ክር ደግፎ የሚይዝ ነገር ስለሌለ የሚሰነጠረው የላይኛው ፊት ነው፤ የታችኛው ንጹሕ ይቀራል። እኔም ይህን ሳልረዳ ፎርማይካ የተለበጠ የቁም ሣጥን በር መልካም ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ቆርጬ ጠርዙን ሙሉ አርግፌዋለሁ። ስለዚህ መልካሙን ፊት ወደ ታች ገልብጦ መስመሩን በጀርባው ላይ ማስመር ይገባል። ይህ የማይቻል ከሆነ ጥርሱ ወደ ታች የሚያይ ምላጭ አለ፤ ነገር ግን እርሱ በሚቆርጥበት ጊዜ ማሽኑን ወደ ላይ ስለሚገፋው አጥብቆ መጫንና ምላጩን ወደፊትና ወደኋላ የሚያወዛውዘውን የማሽኑን ማስተካከያ ዜሮ ላይ ማድረግ ግድ ይላል።

ለጠመዝማዛ መስመር ጠባብ ምላጭ ይመረጣል፤ ሰፊው በጠባብ ክብ ውስጥ መዞር ስለማይችል ይጣመማል ወይም ይሰበራል። በአንጻሩ ጠባቡ ወፍራም ጣውላ ውስጥ በቀላሉ ስለሚታጠፍ ከላይ ያለው ቁርጥ መስመሩን ይዞ ሳለ ከታች ያለው ይሸሻል። ርዝመቱም ከእንጨቱ ውፍረት ቢያንስ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ምላጩ ሽቅብ ሲሳብ ጫፉ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ይመታል። ከዚህ እጅግ የረዘመው ግን ይወላገዳል።

ቦሽ የተባለው ኩባንያ በምላጮቹ ላይ የሚጽፋቸውን መለያ ቁጥሮች ማንበብ የለመደ ሰው ምርጫው ይቀልለታል። በቲ101ቢ የመጀመሪያው ፊደል መያዣውን፣ መጨረሻ ላይ ያለው ቢ መካከለኛ ጥርስን ያመለክታል፤ ይህ ምላጭ በጥርሶቹ መካከል 2.5 ሚሊሜትር ያለው ሲሆን ለንጹሕ ቀጥታ ቁርጥ ይሆናል። ቲ144ዲ 4 ሚሊሜትር ያለው ፈጣኑና ሻካራው ነው። አር ጥርሱ ወደ ታች የሚያየውን፣ ኦ ለጠመዝማዛ የተሠራውን፣ ኤፍ ባይሜታሉን ያመለክታሉ።

ማሽኑን መግፋት ሲያስፈልግ፣ ጠርዙ ሲጠቁር ወይም ሰጋቱራው እንደ ዱቄት ሲደቅ ምላጩ ደንዝዟል፤ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከቆረጣ በኋላ ስለሚግል ጥቂት ጠብቆ መቀየር ያስፈልጋል።