አብሽሩ፣ በዝናቡ ጀምሩ

ወሎ ውስጥ ሰው ሲጨንቀው «አብሽር» ይባላል። አገር ቤት ለቅሶ ላይም፣ ፈተና ለወደቀ ልጅም ይሠራል። ሰው አገር ገብታችሁ አፋችሁ አልከፈት ሲልም ቀድሞ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። እንግሊዝኛ ለዓመታት ተምሬያለሁ፣ ሰዋስው ላይም አልታማም ነበር። እንግሊዝ በገባሁ ሰሞን ግን የካፌ አስተናጋጇ «ሃው ኢዝ ዩር ደይ ጎይንግ?» ስትለኝ እንደ አገሬ መለስኩላት። እኔ ደህና ነኝ፣ ቤተሰብም ደህና ነው፣ ትናንት ግን ራሴን አሞኝ ነበር… ከኋላዬ ሰልፉ ረዘመ። ወገን፣ ይሄ ሰላምታ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ጉድ፣ ታንክስ። ዩርስ?» ብሎ ማለፍ ነው። የኛ ሰላምታ ልጁን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ሳያዳርስ አያልቅም። የነሱ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ንቀት እንዳይመስላችሁ።

መጀመሪያ የገባሁበት ኮርስ የጀመረው በሥራ ቃለ መጠይቅ ልምምድ ነው። «ድክመትህ ምንድን ነው?» ተብዬ ሃያ ሰው ፊት አላበኝ። ሁለት ሳምንት ቀረሁ። የፈራ ሰው የሚያውቀውም ይጠፋዋል፤ ለጀማሪ ይህን አርእስት የመረጠውን ሰው እስካሁን አልገባኝም።

አፌን የከፈተልኝ ዝናብ ነው። አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት ጃንጥላ የያዙ አሮጊት «ሚዘረብል፣ ኢዝንት ኢት?» አሉኝ። የኔ ከተማም ብርድ ነው፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፍ ድረስ ይመጣል፣ ያኔ በር ዘግተን ቡና እናፈላለን አልኳቸው። «እንዴት ነው የምታፈሉት?» አሉ። በቃ! ማጠቡን፣ መቁላቱን፣ ጭሱን ሰው እንዲያሸተው ማዞሩን ነገርኳቸው። መውቀጥ ላይ ስደርስ ቃል አጣሁ። በእጄ ሙቀጫና ዘነዘና ሠርቼ አየሩን ወቀጥኩት። ሳቁና «አህ፣ ፓውንድ!» አሉኝ። እኔ እኮ ፓውንድ የገንዘብ ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያቺ ቃል እስከዛሬ አልጠፋችኝም።

ስለዚህ ስታወሩት በሚያሳርፋችሁ ነገር ጀምሩ። እንቅልፍ፣ ሾርባ፣ የእሑድ ጠዋት፣ እናታችሁ ሲያማችሁ የምትሠራላችሁ ምግብ። ነገሩን ከልጅነት ስለምታውቁት የሚጎድላችሁ ቃሉ ብቻ ነው። «ኮዚ» የምትል ቃል አለች፤ ውጭ እየዘነበ ጋቢ ተከናንቦ እሳት ዳር መቀመጥ ማለት ናት። ለደሴ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

የሚያደናቅፉ ነገሮች አሉ። «ጠዋት 1 ሰዓት ቡና እንጠጣለን» ብላችሁ ቃል በቃል ከተረጎማችሁ፣ እነሱ የሚሰሙት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ 7 በሉ። «ውሃ ስጠኝ»ንም እንዳለ አትገልብጡት፣ «ኩድ አይ ሃቭ» ብሎ መጀመር ያምርበታል። ደግሞ ያ አየር ወደ ውስጥ ስበን «እህ» የምንለው ነገር! አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትንፋሽ ያጠረኝ መስሎት ወንበር አመጣልኝ። «የስ» በሉ። ደመወዝ፣ ዕድሜና «ወፍረሻል» ይቆዩ።

የሚያወራችሁ ካጣችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ። ብዙ ከተሞች ውስጥ በነፃ የእንግሊዝኛ ጭውውት ያዘጋጃሉ። «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ኮንቨርሴሽን ግሩፕ?» ማለት ይበቃል። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ስልካችሁ ላይ የሐይቅን ውሃ ወይም የላሊበላን ፎቶ ያዙ፤ ሰው ሲጠይቃችሁ ወሬው ራሱ ይመጣል። ስለ ሙዚቃ ከተነሳ ደግሞ የኛ ነገር ሞልቷል። አራቱ ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው፤ ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታ ስም ናቸው። ይህን በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ቤት ውስጥ ተለማመዱ። እኔ ሻወር ውስጥ ነው የተለማመድኩት።

ከአገራችሁ ልጆች ጋር የምትኖሩ ከሆነ የኛን ቤት ሕግ ልስጣችሁ። ቅዳሜ ቡና ይፈላል። አቦል በአማርኛ ነው፣ የሳምንቱ ብሶት ይወጣል። ቶና በእንግሊዝኛ ነው፤ ወሬው ስለ አየሩ፣ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ ዳቦው ዋጋ ይሆናል። ማረም የሚቻለው ሲኒው ካለቀ በኋላ ነው፣ መሳቅ ግን ይፈቀዳል። በረካ ላይ ምርቃት አለ። አንድ ቀን እሱንም በእንግሊዝኛ ሞከርነው። «እንደ አደይ አበባ ፍኩ» ላይ ሁላችንም ተያይተን ዝም አልን። ከዚያ ወዲህ ምርቃቱን ለአማርኛ ትተነዋል።