ዲለር ለናፍጣ መኪናችሁ ጭስ ማውጫ 2 ሺ ፓውንድ ሲጠይቃችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

እንግሊዝ አገር ናፍጣ መኪና የምትነዱ፣ በተለይ ለንደን ውስጥ ሰፈር ለሰፈር ብቻ የምትመላለሱ ሰዎች ይሄንን አንብቡት። ባለፈው ዊንተር የኔ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የዲፒኤፍ፣ ማለትም የናፍጣ ጭስ ማጣሪያው መብራት በራ፣ ከሁለት ቀን በኋላ የሞተሩም መብራት ተጨመረና መኪናው ጉልበት አጣ፣ ዳገት ላይ አልወጣም አለ። ዲለር ጋር፣ ማለትም የመኪናው ብራንድ ወኪል ጋራዥ ወሰድኩት፣ ግማሽ ሰዓት አይተው ማጣሪያው ተደፍኗል፣ በአዲስ ይቀየር፣ ከነእጅ ዋጋው 2,140 ፓውንድ አሉኝ። መኪናው ራሱ ቢሸጥ 3 ሺ አያወጣም። በመጨረሻ ያስወጣኝ 96 ፓውንድ ነው፣ ምክንያቱም የተበላሸው ማጣሪያው ሳይሆን ግፊት የምትለካው ትንሽ ሴንሰርና ወደሷ የምትሄደው የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ነበረች።

ነገሩ እንዲገባችሁ፣ ዲፒኤፍ ማለት ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሴራሚክ ነው፣ የናፍጣውን ጥላሸት ይይዛል። ሲሞላ ኮምፒውተሩ ትርፍ ናፍጣ አስረጭቶ ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ ያደርስና ጥላሸቱን ያቃጥለዋል፣ ሪጀነሬሽን የሚሉት እሱን ነው። ይሄ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ አስር ደቂቃ ነድታችሁ ስታጠፉት በግማሽ ይቋረጣል፣ በማግስቱም እንደዛው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይደፈናል። ግን ጥላሸትና አመድ ይለያያሉ። ጥላሸት ይቃጠላል። አመድ ግን ከሞተር ዘይት ውስጥ የሚመጣ ነው፣ በምንም ሙቀት አይቃጠልም፣ ማጣሪያው ተፈቶ ካልታጠበ አይወጣም። ዲለሩ ተደፍኗል ሲላችሁ በየትኛው? ብላችሁ ጠይቁት፣ የምትከፍሉት ብር በዚች መልስ ነው የሚለያየው።

እኔ መጀመሪያ ያደረኩት የኦቢዲ ማንበቢያ፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር የስህተት ኮድ የሚያነብ እቃ መግዛት ነው፣ በብሉቱዝ ስልክ ላይ የሚያሳይ ትንሽ ነገር፣ 18 ፓውንድ፣ ከመሪው ስር ይሰካል። የሚያወጣው ኮድ ፒ2463 ከሆነ ጥላሸት በዝቷል ማለት ነው፣ ፒ242ኤፍ አመድ ነው፣ ከፒ2452 እስከ ፒ2455 ያሉት ደግሞ የግፊት ሴንሰሩን ነው የሚያሙት። ፒ0401 ከሆነ ኢጂአር፣ ማለትም ጭሱን በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ ጋር ያለ ችግር ነው። ኮዱ ብቻውን ፍርድ አይደለም ግን ወዴት እንደምታዩ ይነግራችኋል። ከዛ ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ የዲፒኤፉን ግፊት ቁጥር እዩ፣ ሞተር ካልተነሳ ጭስ የለም፣ ግፊትም የለም፣ ስለዚ ዜሮ ወይ እዛው አካባቢ መሆን አለበት። የኔ 40 ምናምን ይል ነበር፣ ቆሞ! ሴንሰሩ ውሸቱን እየተናገረ ኮምፒውተሩም አምኖት መኪናዬን አስሮብኝ ነበር። ቱቦዎቹንም በእጃችሁ እየዳበሳችሁ እዩ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ታዲያ፣ በሙቀት ይደርቃሉ ይሰነጠቃሉ።

ሴንሰሩ ደህና ሆኖ ማጣሪያው በእውነት ከሞላስ? የዲፒኤፉ መብራት ገና አሁን የበራ ከሆነና የሞተሩ መብራት ካልበራ ሞተርዌይ ላይ አውጡት፣ ነዳጅ ከሩብ ታንክ በላይ ይሁን፣ አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጋችሁ 2,500 ዙር አካባቢ ይዛችሁ 20 ደቂቃ ያህል ሳታቋርጡ ንዱ። ብዙ ጊዜ በቃ ይጠፋል፣ ወጪው የነዳጅ ብቻ ነው። የሞተሩ መብራት አብሮ ከበራ ግን ብዙ መኪና ራሱን ለማጽዳት እምቢ ይላል፣ እሱን በሞተርዌይ መታገል ትርፉ ድካም ነው።

ከዛ በኋላ ያለው መንገድ ነጻ ጋራዥ ነው፣ ዲለር ያልሆነ ማለቴ ነው፣ ናፍጣ ላይ ብቻ የሚሠሩ አሉ። በኮምፒውተር አስገድደው ሪጀነሬት ያደርጉታል፣ አመድ ከሆነም ፈትተው በማሽን ያጥቡታል። ቫን የሚነዳ ጓደኛዬ ፈትተው አጥበው መልሰው ገጥመው 310 ፓውንድ ነው የከፈለው፣ ዲለሩ 1,900 ብሎት ነበር። ስትደውሉ ሳይታጠብ በፊትና ከታጠበ በኋላ የግፊቱን ቁጥር በወረቀት ትሰጡኛላችሁ ወይ በሉ፣ የአመድ ቆጣሪውንስ ኮምፒውተሩ ላይ ዜሮ ታደርጉታላችሁ ወይ በሉ። ይሄ ካልተደረገ ማጣሪያው ንጹህ ሆኖ ኮምፒውተሩ ግን ሞልቷል እያለ መብራቱን መልሶ ያበራዋል፣ ጓደኛዬ አንዴ ተመላልሶበታል። ታንክ ውስጥ የሚጨመሩት ጠርሙሶች ጥላሸት ላይ ትንሽ ሊያግዙ ይችላሉ፣ አመድን ግን ምንም አያደርጉትም።

ከምንም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው፣ ማጣሪያ ዝም ብሎ አይደፈንም። ኢጂአሩ ተይዞ፣ ኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጨው) እያፈሰሰ፣ ቱርቦው ዘይት እያስገባ ወይም ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቴርሞስታት የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋ ርካሽ እቃ ነው፣ ግን ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ በደንብ አይሞቅም፣ ካልሞቀ ሪጀነሬሽን አይጀምርም። ይሄ ሳይታይ 2 ሺ ፓውንድ አውጥታችሁ አዲስ ብታስገቡም በወራት ውስጥ እዛው ናችሁ። ለምን ተደፈነ ለሚለው መልስ የሌለው ጋራዥ ብር አትስጡት።

የግድ አዲስ ካስፈለገ ከዲለር ውጪ የተሠራ አለ፣ በጣም ርካሹን ግን አትግዙ፣ ውስጡ የሚቀባው ውድ ብረት አንሶ ቶሎ ይደፈናል። ኢ የሚል ፊደልና ቁጥር በክብ ውስጥ የተመታበት መሆኑን እዩ፣ ለመኪናችሁ ሞተር መፈቀዱንም ጠይቁ። ያገለገለ ማጣሪያ ከተፈታ መኪና ላይ መግዛት ግን ይቅርባችሁ፣ የሌላ ሰው መኪና ያጠራቀመውን አመድ ነው የምትገዙት።

ችግሩ ማርሚታው ወይ ቧንቧው ከሆነ ቀላል ነው። ከሞተሩ ወረድ ብሎ ያለችው ተጣጣፊ ቧንቧ ስትቀደድ ዲለሩ ሙሉ ክፍሉን ልቀይር ይላል፣ የጭስ ማውጫ ቤቶች ግን እሷን ብቻ ቆርጠው በአዲስ ይበይዷታል። ድምፅ ብቻ ከሆነማ አንዳንዴ የተበጠሰ ማንጠልጠያ ጎማ ነው።

አድብሉ (ጭሱን ለማጽዳት የሚረጭ ፈሳሽ) ያለው መኪና ላይ ደግሞ መርጫው ጫፍ ላይ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ተጋግሮ ስህተት ያወጣል፣ ያ ነገር በሞቀ ውሃ ይሟሟል፣ ሙሉ ሲስተም ይቀየር ሲሏችሁ መጀመሪያ ታጥቦ ይታይልኝ በሉ።

አሁን የኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመክሩትን ላንሳ፣ የማጣሪያውን ውስጥ አስጎርጉረህ ባዶ አድርገው የሚለውን። አታድርጉት። ከ2014 ጀምሮ ኤምኦቲ (ዓመታዊው የመኪና ምርመራ) ላይ ማጣሪያው ከሌለ ይወድቃል፣ ቅጣቱ ለመኪና እስከ 1,000 ለቫን እስከ 2,500 ፓውንድ ነው። ቅጣቱ ይቅር፣ ጥላሸቱን የሚተነፍሱት ፑሽቼር ላይ ያሉ ልጆቻችን ናቸው። ደቡብ ምስራቅ ለንደን ትልቅ መንገድ አጠገብ ትኖር የነበረች አስም ያለባት የ9 ዓመት ልጅ በ2013 ሞታ፣ በ2020 ኮሮነሩ፣ የሞት ምክንያት የሚያጣራው ባለሥልጣን፣ የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ አድርጓል ብሎ ወስኗል። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ለማንም ጎርጉረው ብዬ መምከር አልቻልኩም።

መኪናው ጋራንቲው ቅርብ ጊዜ ያለቀ ከሆነ ወደ አምራቹ ዋና መሥሪያ ቤት ጻፉ፣ የሰርቪስ ታሪኩ ሙሉ ከሆነ የወጪውን ግማሽም ይሁን ሩብ የሚሸፍኑበት ጊዜ አለ። ጎቭ ዶት ዩኬ ላይ በታርጋችሁ ሪኮል፣ ማለትም አምራቹ ለጉድለት መልሶ የጠራው ነገር ካለ በነጻ ማየት ይቻላል፣ ሪኮል ካለ ዲለሩ ራሱ ያለ ክፍያ ይሠራዋል።

ዘይት ስትቀይሩ ደግሞ አመዱ ዝቅተኛ የሆነውን፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለውን የዘይት ደረጃ፣ ብዙ ጊዜ ሲ2 ወይ ሲ3 የሚለውን አስደርጉ። የዘይት መለኪያ ዘንጉንም በየሁለት ሳምንቱ ሳቡት፣ ዘይቱ ከፍ ብሎ ካገኛችሁት የተቋረጠ ሪጀነሬሽን ናፍጣውን ወደ ዘይቱ እያስገባ ነው፣ መብራት እስኪበራ ሳትጠብቁ ቀይሩት።