ጣታችሁን ውሻ አፍ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት፦ ጅማ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የእንስሳት ክሊኒካችን ውስጥ አንድ ተመራቂ ተማሪያችን ባዶ እጁን ውሻ አፍ ውስጥ ሊከት ሲል ደርሼ ክንዱን ያዝኩት። ውሻው እዚሁ ጅማ ካለው ኮቺ ሰፈር በባጃጅ የመጣ ነው፣ መንጋጋው ወርዶ አፉን መዝጋት አቅቶታል፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ ደረቱን አርሶታል። ባለቤቱ ደግሞ በሙሉ ልብ «ዶክተር፣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክቶበት ነው፣ ትናንት ከልኳንዳ አምጥተንለት ነበር» ይላሉ። ልጁ ጎበዝ ነው ግን ባለቤቱን አመነ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ ጎንበስ አለ። ይሄን ነገር ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ፣ ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ልጆች፣ አፉ የተከፈተ፣ ለሃጩ የሚወርድ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ወይም ድመት ሲመጣ መጀመሪያ ማሰብ ያለባችሁ የእብድ ውሻ በሽታን (ሬቢስን) ነው፣ አጥንት ከዛ በኋላ ይመጣል። ሁላችንም እብድ ውሻ ሲባል የሚታየን እየሮጠ ያገኘውን የሚነክስ ነው፣ ግን ዝምተኛው አይነትም አለ፣ መንጋጋና ጉሮሮው ሽባ ይሆንና ጥግ ይዞ ይተኛል፣ ድምፁ ይቀየራል፣ አይኑ ይፈዛል፣ ለሰው የሚያሳዝን ነው የሚመስለው። እሱ ነው የሚያታልለን፣ ምክንያቱም ስለማይነክስ ሁሉም ሰው አዝኖ ይጠጋዋል፣ አፉን ከፍቶ ያየዋል፣ ውሃ በእጁ ሊያጠጣው ይሞክራል። ቫይረሱ ደግሞ ያለው እዛው ለሃጩ ውስጥ ነው፣ ጣታችሁ ላይ ትንሽ ጭረት ካለች በቂው ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ስራ በጀመርኩ በአመቱ፣ ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ፣ የሶስት ወር ቡችላ አመጡልኝ፣ አልበላም ብሏል፣ ለሃጩ ይወርዳል። ያኔ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው «ቡችላ አያብድም» የሚለው ነገር ነበር፣ ማን እንዳስተማረኝ እንኳን አላስታውስም፣ በቃ ሰው ሲል ሰምቼ ነው። ጠዋት ሽቦ አጥር ስሻገር መዳፌን ቧጭሮኝ ነበር፣ በዛ እጄ አፉን ከፍቼ ምላሱን ሳብ አድርጌ ጉሮሮውን ፈተሽኩ። ምንም የለም። በሶስተኛው ቀን ሞተ፣ ጭንቅላቱ አዲስ አበባ ተላከ፣ ፖዘቲቭ። ውጤቱን ይዤ ወደዛ ቤት ስሄድ እናትየዋ ቡና እየቆላች ነበር። ስነግራት ብረት ምጣዱን ከእሳት አወረደችና ልጆቿን አንድ በአንድ እያየች «ሁሉንም ልሷቸዋል» አለችኝ። አራት ልጆች ናቸው። እኔም እነሱም መርፌውን አንድ ላይ ጨረስን፣ ሁላችንም ዛሬ በህይወት አለን፣ ግን ያ የምጣዱ ጭስ ሽታ እስካሁን አለቀቀኝም። ቡችላ ያብዳል። ድመትም ታብዳለች።

ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ከቤት ጠፍቶ ያውቃል? ሌላ ውሻ ነክሶት ነበር? ክትባቱ መቼ ነው፣ ወረቀቱስ አለ? ማንን ነከሰ፣ ማንን ላሰ? ይሄ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ነው። ደግሞ ይሄን ስራ የምትሰሩ ከሆነ እናንተ ራሳችሁ ቀድማችሁ መከተብ አለባችሁ፣ ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅት ጤነኛ ሰው ቅድመ መከላከያውን በመጀመሪያው ቀንና በ7ኛው ቀን ቢወስድ ይበቃዋል ብሎ ካሳጠረው ቆይቷል። የተከተበ ሰውም ሲጋለጥ ተጨማሪ መርፌ መውሰዱ አይቀርም፣ «እኔ ተከትቤያለሁ» ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

«ውሃ ጠጥቷል እኮ ዶክተር!» የሚለውን ደግሞ በሳምንት አንዴ ሳልሰማ አላልፍም። ሳህን ውሃ ያስቀምጡለታል፣ ከጠጣ ጤነኛ ነው ብለው ይለቁታል። ውሃ መፍራት በሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው፣ እብድ ውሻ ውሃ አይፈራም፣ መዋጥ ሲያቅተው ነው የሚተወው፣ እስከዛ ድረስ ሊጠጣም ወንዝ ሊሻገርም ይችላል። ተማሪዎችም ይሄን ካርድ ላይ «ውሃ ጠጥቷል፣ ሬቢስ አይመስልም» ብለው ሲጽፉት አይቻለሁ፣ ያ ያበሳጨኛል።

ሌላው፣ ውሻው ሰው ነከሰ ሲባል ሰፈሩ ዱላ ይዞ ወጥቶ ይገድለዋል፣ ከዛ ተነካሹን ይዘው ይመጣሉ። ውሻው ቢታሰር ኖሮ ብዙ ነገር ይነግረን ነበር። ቫይረሱ መጀመሪያ ወደ አንጎል ይገባል፣ ከዛ ነው ወደ ምራቅ እጢ የሚወርደው፣ ስለዚህ በነከሰ ሰዓት ለሃጩ ላይ ቫይረስ የነበረው ውሻ ወይም ድመት በ10 ቀን ውስጥ ምልክት ያሳያል፣ ይሞታል። በ10ኛው ቀን ቆሞ እየበላ ከሆነ ሰውየው ከዛ ንክሻ አልተያዘም፣ የጀመረው መርፌም ሊቆም ይችላል። ግን ልብ በሉ፣ መርፌው የሚጀመረው በነከሰው ቀን ነው፣ «10 ቀን ጠብቀን እንጀምራለን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እባካችሁ አትልቀቁት። ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ሰዓት ይዛችሁ እጠቡት፣ 15 ደቂቃ ስታጥቡ ነው ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የሚገባችሁ። ቆዳውን በስቶ ካደማ ደግሞ ከክትባቱ ጋር ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን፣ ማለትም የተዘጋጀ አንቲቦዲ (በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን)፣ ያስፈልጋል። ባህላዊ መድሃኒት መውሰድ የሚፈልግ ሰው ጋር አትጣሉ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ አድርሱት፣ ምክንያቱም ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

የግድ ከተገደለ ደግሞ ጭንቅላቱ አይመታ። ምርመራው የሚሰራው ከአንጎል ነው፣ በተለይ ከአንጎል ግንድና ከሴሬብለም (ከኋላ ካለው ትንሹ አንጎል)። አንድ ጊዜ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ የመጣልኝ ውሻ ጭንቅላቱ በድንጋይ ደቅቆ ምንም የሚወሰድ ነገር አልነበረውም፣ የነከሳት ልጅ ስድስት አመቷ ነበር፣ የጀመረችውን መርፌ ልናቆምላት የምንችልበት ምንም ማስረጃ ስላልነበረን እስከ መጨረሻው ተወጋች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳምፕሉ ፎርማሊን ውስጥ ተዘፍዝፎ ሊላክ ሲል አስቆምኩ፣ ለፓቶሎጂ የለመዱት እጃቸው ነው የሰራው። ቫይረሱን በሚያበራ ቀለም ለሚያሳየው የፍሎረሰንት ምርመራ ትኩስ አንጎል ነው የሚፈለገው፣ ሁለት ላስቲክ፣ አይስ ቦክስ፣ በረዶ፣ በቃ። እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በረዶው መንገድ ላይ እንዳያልቅ አስቡበት።

ዲስቴምፐር የሚባለውን ሌላ የውሻ ቫይረስ በሽታ ከእብደት ጋር ማምታታትም አለ፣ ንፍጥና የአይን ርጥበት ቀድሞ ታይቶ ከሆነ፣ መዳፉ ሥር ያለው ቆዳ ከጠጠረ፣ አንድ ጡንቻ ሳያቋርጥ ቲክ ቲክ የሚል ከሆነ ዲስቴምፐርን አስቡ፣ ግን ሬቢስ አይደለም ብላችሁ እስክታረጋግጡ ድረስ ጓንታችሁን አታውልቁ። ይሄ በሽታ የኛ ግቢ ብቻ ጉዳይም አይደለም፣ ባሌ ተራሮች ላይ በ2003 እ.ኤ.አ. ሬቢስ፣ በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፣ የሚያመጡት የኛው ውሾች ናቸው። ዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ መሆናቸውን ሳስብ አንድ ውሻ ሳይከተብ ሲቀር ያመኛል።

ወደ ፓርቮ፣ ወደ ቡችላ የአንጀት በሽታ ልምጣ፣ እዚህ ላይ በጣም ነው የምቆጣው። ቡችላ ያስመልሰዋል፣ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ አለው፣ ሽታውን አንዴ ካወቃችሁት ከበር ትለዩታላችሁ። የሚሰጠው ምንድነው? ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ አንቲባዮቲክ። ለሁሉም ነገር ኦክሲ! ለበሬ ኦክሲ፣ ለዶሮ ኦክሲ፣ ለቡችላ ኦክሲ። ፓርቮ ቫይረስ ነው፣ የአንጀትን ታዳጊ ሴሎችና መቅኔን ነው የሚያጠቃው፣ ቡችላው በብዛት የሚሞተው ውሃው አልቆ ነው፣ ከዛ ደግሞ የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ደሙ ገብቶ ነው። ስለዚህ አንቲባዮቲክ ቦታ አለው፣ ግን መጀመሪያ ፍሉይድ፣ ማለትም የጎደለውን ውሃ በደም ስር መተካት። ሂሳቡን ስሩት፦ 4 ኪሎ ቡችላ የክብደቱን 8 ከመቶ ውሃ አጥቷል ብትሉ የጎደለው ብቻ 320 ሚሊ ሊትር ነው፣ የቀን ፍላጎቱና እያስመለሰ የሚያወጣው ሳይቆጠር። 50 ሚሊ ከቆዳ ስር ሰጥታችሁ «ፍሉይድ ወስዷል» ብላችሁ ካርድ ላይ መጻፍ አይሆንም። ካኑላ (የደም ስር ቱቦ) ማስገባት ካቃታችሁ ጥሩኝ፣ በሌሊትም ቢሆን እመጣለሁ፣ ይሄን ከልቤ ነው የምላችሁ።

ከዛ ጽዳቱ። ጠረጴዛውን በአልኮል ጠርጎ ቀጣዩን ቡችላ ማስተኛት ትልቅ ጥፋት ነው። ፓርቮ የስብ ሽፋን የለውም፣ አልኮል አይገድለውም፣ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል። በረኪና ነው መድሃኒቱ፣ መጀመሪያ ቆሻሻውን በኦሞ አጥባችሁ ካወጣችሁ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ ታቆዩታላችሁ። ሰገራው ላይ በቀጥታ ብትደፉት አይሰራም። የጫማችሁን ሶል አትርሱ፣ ለባለቤቱም ቡችላው የሞተበት ግቢ ያልተከተበ ሌላ ቡችላ ቶሎ እንዳያመጣ ንገሩት፣ ይሄን ሳይነግሩት ቀርተው በሁለት ወር ውስጥ ሶስት ቡችላ የቀበረ ሰው ጊንጆ ሰፈር ውስጥ አውቃለሁ።

«አንዴ ተከትቧል» ማለትም ክትባት አይደለም። ቡችላ ከእናቱ ጡት ያገኘው አንቲቦዲ የምትወጉትን ክትባት ያከሽፈዋል፣ ያ አንቲቦዲ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ በእያንዳንዱ ቡችላ ይለያያል። ለዛ ነው ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ጀምረን በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየደገምን የመጨረሻውን 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ከዛ በኋላ የምንሰጠው፣ አንድ ብቻ መስጠት የሚችል ሰው ካጋጠማችሁ ያችን የ16 ሳምንቷን ምረጡለት። ክትባቱን ፍሪጅ በር ላይ አታስቀምጡት፣ ፍሪዘር ውስጥም አታስገቡት፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚከፍት የሚዘጋ ሰው ይበዛል፣ እባካችሁ አትክፈቱት። አንድ ቦታ በረዶ የሆነ የእብድ ውሻ ክትባት አቅልጠው ሲወጉ ደርሼ ሙሉውን እንዲጣል አድርጌያለሁ፣ ብዙ ሰው ተቀይሞኛል፣ አሁንም ቢሆን አስጥለዋለሁ።

ለውሻ የተሰራ ፐርሜትሪን ያለበት የመዥገር መድሃኒት ድመት ላይ አታድርጉ፣ ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖንም እንዲሁ፣ ትሞታለች።

ነፍሰ ጡር ሴት መጥታ «ሐኪም ድመቷን ጣይ አለኝ» ስትላችሁ ደግሞ እናንተም አብራችሁ «ጣይ» አትበሏት። ድመት ፅንስ የሚጎዳውን ጥገኛ ተህዋስ፣ የቶክሶፕላዝማን፣ እንቁላል የምትጥለው በአብዛኛው በህይወቷ አንዴ፣ መጀመሪያ ስትያዝ ለሁለት ሳምንት ገደማ ነው፣ እንቁላሉም አዲስ ሲወጣ አያሲዝም፣ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ሰገራውን በየቀኑ ሌላ ሰው ከጠረገላት በቂ ነው። ይልቅ ጥሬ ስጋውን፣ ክትፎውን፣ በደንብ ያልታጠበውን ሰላጣ ጠይቋት፣ እሱን ማንም አይጠይቃትም።

አረፋ ሲመጣ፣ ፋሲካም ሲመጣ፣ የታረደው ከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ኳስ የሚመስል ነገር ካያችሁ ለውሻ አትስጡ። ቀብሩት ወይም በደንብ ቀቅሉት። ኳሱ ውስጥ ያለው የትል እጭ ነው፣ ውሻው ከበላው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የትሉን እንቁላል በሰገራው ይጥላል፣ ያን ኳስ ልጆቻችን ጉበት ውስጥ ነው የምናገኘው።

የማክሰኞው ውሻ ሐሙስ ሞተ፣ ጭንቅላቱ በዕለቱ ተላከ። የተጋለጡትን ስንመዘግብ ባለቤቱን፣ ሚስታቸውን፣ ትልቁን ልጃቸውንና አስረው የያዙትን ጎረቤት ጻፍን፣ ተማሪውም ስሙን ራሱ ጻፈ፣ ባይነካውም። ማታ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የባጃጁ ሹፌር ትዝ ያለኝ፣ ውሻውን ከባጃጅ አቅፎ ያወረደው እኮ እሱ ነው። ጠዋት እዚሁ ጅማ መርካቶ የባጃጅ ተራው ላይ ጠይቄ ጠይቄ አገኘሁት፣ እጁን አሳየኝ፣ ባጃጁን ሲጠግን ሁለት ጣቱ ተልጦ ነበር። በራሱ ባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድን።