የሚሞቀው ጓንት ለምን አያሞቀኝም?

«ጓንቱ ይሞቃል፤ እኔን ግን እጄን ይበርደኛል።»

በኤሌክትሪክ ስለሚሞቀው የሞተረኛ ጓንት ይህን ቅሬታ እዚህ ለንደን ካሉ ሞተረኛ ጓደኞቼ ደጋግሜ እሰማለሁ፣ በተለይ ከኖቬምበር እስከ ማርች። አብዛኞቹ ጓንቱን ይረግሙና ሌላ ይገዛሉ። ሌላውም ያው ይሆናል። እኔ በ125 ሲሲ ስኩተር ምግብ አደርሳለሁ፤ አሁን አራተኛ ዊንተሬን ይዣለሁ። እስካሁን እንዳየሁት ወይ ለእኛ መንገድ ያልተሰራ ጓንት ገዝተናል፣ ወይ ደግሞ ብርዱ የሚገባው በሌላ በኩል ነው። ስለዚህ ሌላ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ምልክቱን እንይና ወደ መነሻው እንሂድ።

መጀመሪያ ግን አንድ ቁጥር። አየሩ 0 ዲግሪ ሲሆን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ ያልተሸፈነ ቆዳ ላይ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። እጅ ደግሞ ከፊት ነው፤ ነፋሱን ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነው። ተራ ወፍራም ጓንት ያለውን ሙቀት ይዞ ያቆያል እንጂ አዲስ ሙቀት አይሰጥም። ረጅም ሰዓት ስትነዱ ያ አይበቃም።

የእጄ ጀርባ ይሞቃል፣ የጣቴ ጫፍ ይደነዝዛል

ብዙ ሰው የሚቸገረው በዚህ ነው። ሦስት መነሻ አለው።

አንደኛው የሽቦው አቀማመጥ ነው። ብዙ ርካሽ ጓንቶች ውስጥ ማሞቂያ ሽቦው የእጅ ጀርባ ላይ ብቻ ተዘርግቶ ይቀራል። ፍሬን የሚይዙት ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ግን ነፋስ ላይ ናቸው። ቤት ውስጥ ፈትኑት። ጓንቱን አጥልቃችሁ የመጨረሻው ሙቀት ላይ አድርጉና አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ ሙቀቱ የት ድረስ እንደሚደርስ በየጣቱ ልብ በሉ። አውራ ጣታችሁ ላይ ምንም ካልተሰማችሁ ጓንቱን ከመቀየር ሌላ ዘዴ የለም። ስትገዙም ሽቦው አውራ ጣትን ጨምሮ እያንዳንዱን ጣት እስከ ጫፉ የሚዞር መሆኑን ጠይቁ።

ሁለተኛው ልክ ነው። ጠባብ ጓንት ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል፤ ደም ካልደረሰ ሙቀትም አይደርስም። ሱቅ ውስጥ ጣታችሁን ዘርግታችሁ አትለኩ። መሪ እንደያዘ ሰው ጨብጣችሁ ለኩ። ስትጨብጡ የጣታችሁን ጫፍ የሚጫናችሁ ከሆነ አንድ ቁጥር ከፍ በሉ። በጣም ሰፊም አይሁን፣ ሽቦው ከቆዳ ይርቅና የምታሞቁት ባዶውን አየር ይሆናል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፣ እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው። ደረታችሁን በርዷችኋል? ሰውነት መሃሉ መቀዝቀዝ ሲጀምር ልብን፣ ሳንባንና ሌላውን የውስጥ ክፍል ለማዳን ወደ እጅና እግር የሚሄዱትን የደም ስሮች ያጠባል። ያኔ ጓንቱ ከውጭ ቢያሞቅም ከውስጥ የሚመጣ ሙቀት የለም። ባለፈው ዓመት ጓንቴን ሳልቀይር የሚሞቅ ሰደርያ ጨመርኩ። በዚያው ጓንት፣ በዚያው መንገድ፣ ጣቶቼ መደንዘዛቸውን አቆሙ። ሰደርያው ባይኖራችሁ እንኳ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ከሥሩ የሱፍ ሹራብ፣ አንገት ላይ ደግሞ እንደ ቱቦ የሚጠለቅ ጨርቅ አድርጉ። ሻርፕ አታድርጉ፤ ጎማ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ገንዘባችሁ ለአንድ ውድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ውድ ጓንት ከምትገዙ መካከለኛ ጓንትና ጥሩ ሰደርያ ብትገዙ ይሻላል ባይ ነኝ።

ባትሪው መንገድ ላይ ያልቃል

ሳጥኑ ላይ «እስከ 6 ሰዓት» ብሎ የሚጽፈው ዝቅተኛውን ሙቀት ይዞ ነው። ሒሳቡን ራሳችሁ ስሩት። ባትሪው 7.4 ቮልት ሆኖ 2200 ሚሊ አምፒር ሰዓት ከሆነ በውስጡ ያለው ጉልበት 16 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ጓንቱ የመጨረሻው ሙቀት ላይ 8 ዋት ቢበላ ሁለት ሰዓት ሰራ ማለት ነው። ያውም ባትሪው አዲስ ከሆነ። ሊቲየም ባትሪ ሲበርደው ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ማታ ጓንቱን ስኩተሩ ሳጥን ውስጥ ትታችሁ ካደራችሁ ጠዋት ገና ሳትነሱ ከፊሉን አጥታችኋል።

ስለዚህ ባትሪውን ቤት አሳድሩት። እጃችሁ ሞቆ ሳለ ጓንቱን አጥልቃችሁ ከመውጣታችሁ አምስት ደቂቃ በፊት አብሩት፤ ስትነሱ ወደ መካከለኛው ዝቅ አድርጉ። የሞቀን እጅ ሙቀቱን ማስጠበቅ ቀላል ነው፣ የደነዘዘን እጅ መመለስ ግን ባትሪ ይጨርሳል። ትርፍ ባትሪ ካላችሁ በውስጥ ኪስ ያዙት። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ደግሞ ፈጽሞ ቻርጅ አታድርጉ፤ ባትሪው ውስጡ ይጎዳል፣ ተመልሶም አይድንም።

በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ የምትነዱ ከሆነ ግን እቅጩን ልንገራችሁ፦ ከሞተሩ ባትሪ በገመድ የሚሰራውን ባለ 12 ቮልቱን ግዙ። በመሃል አያልቅም። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የ7.4 ቮልቱን ጓንት ወደ ሞተሩ 12 ቮልት አታገናኙት። ሞተሩ ሲነሳ መስመሩ ላይ ያለው 14 ቮልት ገደማ ስለሚሆን ጓንቱ ከተሰራለት ከሦስት እጥፍ በላይ ዋት ይቀበላል። እጅ ያቃጥላል።

ጓንቱን ካሰርኩ ወዲህ ሞተሬ ጠዋት አይነሳም

ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) አንዴ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ የሞተሩ ባትሪ ደክሟል። የ12 ቮልት ጓንት ጥንዱ በአማካይ 25 ዋት ገደማ ይበላል፣ ሁለት አምፒር ማለት ነው። ለብቻው ብዙ አይደለም። ግን የትንሽ ሞተር ዲናሞ አቅሙ ትንሽ ነው፤ መብራት፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሚሞቅ የመሪ እጀታ ሲደመርበት ከሚያመነጨው በላይ ትበላላችሁ። በተለይ ትራፊክ መብራት ላይ ጋዝ ሳትሰጡ በሚኒሞ ስትቆሙ። እንደ እኔ በየአስር ደቂቃው ሞተር የሚያጠፋና የሚያስነሳ ሰው ደግሞ በየጊዜው በሞተሪኖው ባትሪውን ይጎዳዋል።

ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካላችሁ በአምስት ደቂቃ ታውቃላችሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሱ፣ ጓንቱን የመጨረሻው ላይ አድርጉ፣ ጋዝ ትንሽ ስጡት። ከ13.5 በላይ ከሆነ ዲናሞው እየቻለው ነው። 13 እንኳ ካልሞላ ግን እየነዳችሁ ባትሪውን እያራገፋችሁ ነው፤ ከጓንቱ ወይም ከእጀታው አንዱን አጥፉ፣ ስትቆሙም ሙቀቱን ዝቅ አድርጉ።

ሌላው ምክንያት አገጣጠሙ ነው። ገመዱ በቀጥታ ባትሪው ላይ ታስሮ ከሆነ ቁልፍ ብታወጡም መስመሩ ክፍት ነው። መካኒኩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ እንዲሰራ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሰራ ማብሪያ ማጥፊያ) ያስርላችሁ። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን። ሲቃጠል ደግሞ በዚያው ቁጥር ተኩት እንጂ በትልቅ አትተኩ፣ ምክንያቱም ፊውዙ ካልተቃጠለ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

ዲናሞው ጭራሽ የማይችል ከሆነ እጀታው ላይ የሚታሰረውን ትልቁን የእጅ ሽፋን ግዙ። መልኩ አያምርም፣ ግን ነፋሱን ስለሚያቆም ጓንቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ መዋል ትችላላችሁ። የለንደን አድራሾች በብዛት የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።

አንዱ ይሰራል፣ አንዱ አይሰራም

ባትሪዎቹን አቀያይሩ። ችግሩ ከባትሪው ጋር ወደ ሌላኛው እጅ ከሄደ ባትሪው ነው፤ እዚያው ከቀረ ጓንቱ ነው። የገመዱ ዓይነት ከሆነም እንዲሁ፣ የግራውን ሶኬት ቀኝ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ሽቦ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው የእጅ አንጓ ላይ ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ አስቡት። በቴስተሩ በኦም ብትለኩት 12 ዋት የሚበላ የ12 ቮልት ጓንት 12 ኦም ገደማ ያሳያል። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። (መቆጣጠሪያው ጓንቱ ላይ ከሆነ ይህ መለኪያ አያስተማምንም።) ጣት ውስጥ የተበጠሰውን ግን ራሳችሁ ፈታችሁ አትበይዱ። ደካማ ብየዳ አንድ ቦታ ላይ ይግላል፣ ያ ቦታ ደግሞ ቆዳችሁ ላይ ነው። ዋስትና ካለው መልሱት።

ዝናብ ይገባል

እርጥብ ጓንት ሙቀቱን ውሃ ለማድረቅ ይጨርሰዋል። ስኩተር ላይ ክንድ ወደ ታች ስለሚያዘነብል ውሃው ከክርን ወርዶ ጓንት ውስጥ ይጠራቀማል። የጃኬቱን እጅጌ ከጓንቱ በላይ አውርዱት። ማታ ባትሪውን አውጥታችሁ ጓንቱን አየር ላይ አድርቁት፤ ማሞቂያ ራዲያተር ላይ አይሰጣ።

ቆዳዬ ላይ ቀይ ምልክት ወጣ

ዝቅ አድርጉ፣ ከሥሩም ስስ የጨርቅ ጓንት ልበሱ። የደነዘዘ እጅ ቃጠሎ አይሰማውም፤ በርዷችሁ ከቆያችሁ በኋላ በአንዴ የመጨረሻው ላይ አታድርጉት። ስኳር ያለባቸው እጃቸው ላይ ስሜት ሊቀንስ ስለሚችል አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ፍሬኑ አይሰማኝም

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ኦንላይን በርካሽ የሚሸጠው የሚሞቅ ጓንት አብዛኛው የበረዶ ሸርተቴ ጓንት ነው። ወፍራምና ለስላሳ ነው፣ የፍሬኑን መያዣ በደንብ አያስጨብጥም፣ መዳፉም ለአስፋልት አልተሰራም። የመጀመሪያውን ዓመት እኔም ከአንድ ሻጭ እንዲህ ያለውን ገዛሁ። እርጥብ ቅጠል ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ብሄድ ነው፣ ተንሸራተትኩ። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚነካው በመዳፉ ነው። የመዳፉ ጨርቅ ተቀደደ፣ ከሥሩ ያለው ቆዳዬም አብሮ ተላጠ፣ ሁለት ሳምንት ሥራ አልሰራሁም።

ከዚያ ወዲህ ከዋትና ከባትሪ በፊት የማየው የውስጡን መለያ ነው። የሞተር ሳይክል ጓንት የአውሮፓ ደረጃው ኢኤን 13594 ይባላል። መለያው ላይ የሞተረኛ ምስል፣ ይህ ቁጥርና ደረጃ 1 ወይም 2 መጻፍ አለበት። «ኬፒ» የሚል ካለው የጣት መገጣጠሚያ መከላከያውም ተፈትኗል። ይህ የሌለውን፣ የፈለገውን ያህል ቢሞቅ፣ አትግዙ።

አገር ቤት መላክ እፈልጋለሁ

ታናሽ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ቦክሰር ሞተር ይነዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ ሜዳውን ነጭ ያደርገዋል፣ አራት ሰዓት ሲሆን ግን ፀሐይ ናት። ስለዚህ ለእሱ የመረጥኩት እኔ ከምጠቀምበት የተለየ ነው፣ ባለ ባትሪውን። የሚያስፈልገው ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ነው፣ ለዚያ ብሎ የሞተሩን መስመር መነካካት የለበትም።

የምትልኩ ከሆነ ባትሪዎቹን ከጓንቱ ነቅላችሁ በእጅ ሻንጣ አስይዙ፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። መጠናቸው አያሳስባችሁ፣ ከ100 ዋት ሰዓት ገደቡ በጣም ያነሱ ናቸው። ቻርጀሩ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ካለ ለአገር ቤቱ 220 ይሆናል። የእንግሊዙ ባለ ሦስት ጥርስ ሶኬት ግን እዚያ ግድግዳ ላይ ስለማይገባ መቀየሪያውን አብራችሁ ላኩለት።