በሬው ድንገት ሲሞት ቢላዋ አታንሱ

ማታ ደህና ሆኖ የገባ በሬ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። ሆዱ ተነፍቷል፤ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ጠቆር ያለ፣ የማይረጋ ደም ይወጣል፤ እግሮቹም እንደ ሌላ በድን አልደረቁም። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ አባ ሰንጋን ጠርጥሩ። ደም ያልታየበት በድንም ነጻ ነው ማለት አይደለም። እባብ ነድፎት፣ አባ ጎርባ ይዞት ወይም መርዛም ተክል በልቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚለየው ግን የላቦራቶሪ ምርመራ እንጂ ቆዳውን ገፎ ማየት አይደለም።

ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው ከቢላዋው ጋር ነው። በታመመ ከብት ደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በቀላሉ የሚሞት ነው። በድኑ ሳይከፈት ከቆየ፣ ሲበሰብስ ውስጡ የሚራቡት ሌሎች ተሕዋስያን በጥቂት ቀናት ያጠፉታል። አየር ሲያገኝ ግን ጠንካራ ሽፋን ያበጅና ስፖር ወደሚባለው ቅርጽ ይለወጣል። ስፖሩን ፀሐይም፣ ድርቅም፣ ውርጭም አይበግረውም፤ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። እንግሊዞች በ1942 እ.ኤ.አ. ግሩናርድ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት ላይ አባ ሰንጋን እንደ ጦር መሣሪያ ሞክረው ነበር፤ ደሴቲቱ በ1986 ፎርማልዴሃይድ በተቀላቀለበት የባሕር ውሃ ታጥባ፣ ከአደጋ ነጻ ነች የተባለችው በ1990 ነው። እንግዲህ በሜዳ ላይ የታረደ አንድ በሬ የሚያበላሸው የዚያን ዓመት ሥጋ ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጆች የሚያሰማሩበትን ሣርም ጭምር ነው።

በአገራችን በሽታው ወደ ሰው የሚሻገርበት ዋናው መንገድ የታወቀ ነው። ከብቱ ሲያጣጥር «ነፍሱ ሳትወጣ እንድረስበት» ተብሎ ይታረዳል፤ ሥጋው ለጎረቤት ይከፋፈላል ወይም በርካሽ ይሸጣል፤ ቆዳው ይገፈፋል። ይህን ካለማወቅ ብቻ የመጣ አድርጎ መቁጠር ትክክል አይመስለንም። በሬ የዓመታት ጥሪት ነው፤ ሲሞት እያዩ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ከባድ ነው። ስለዚህ ምክሩ የሚሠራው ከብቱ ከመታመሙ በፊት፣ ክትባቱ ላይ ሲጀመር ነው። ወደዚያ እንመለሳለን፤ አስቀድሞ ግን የሞተው ከብት።

በመጀመሪያው ሰዓት

ልጆችን፣ ውሾችንና ሌሎች ከብቶችን አርቁ። በድኑን አትጎትቱ፤ በተጎተተበት መንገድ ሁሉ ደም ይፈስሳል። በእጅ የሚነካው ሰው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይሁን፤ እጁ ላይ ቁስል ወይም ጭረት ያለበት ሰው አይቅረብ። ጓንት ከሌለ በሁለቱም እጅ ላይ ሁለት ሁለት ፌስታል ደርቦ በገመድ ማሰር ባዶ እጅ ከመሆን ይሻላል። ረጅም እጅጌ ልብስና ቦት ጫማ ያስፈልጋል።

አፍንጫውን፣ አፉንና ፊንጢጣውን በጨርቅ ወይም በጥጥ ድፈኑ። ከዚያ በላስቲክ ሸራ ሸፍኑና ዙሪያውን በእሾህ እጠሩት። ጅብና አሞራ የቀደዱት በድን በቢላዋ ከተከፈተው በምንም አይለይም።

ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። ናሙና የሚወሰደው ከጆሮ የደም ሥር ጥቂት ደም በመቅዳት ነው፤ ሆድ መክፈት አያስፈልግም። ደሙ መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ በሜቲሊን ብሉ ተቀልሞ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ጫፋቸው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የሚመስል ሰማያዊ ዘንጎች በሮዝ ሽፋን ተከብበው ይገኛሉ። ከብቱ ከሞተ ቆየት ካለ ግን ይህ ምርመራ ሊያታልል ይችላል፤ ዛሬ መደወል ያለባችሁም ለዚህ ነው።

ማቃጠል ወይስ መቅበር

በሚገባ ከተሠራ ማቃጠል ይመረጣል። ችግሩ አንድ ትልቅ ከብት የሚፈጀው እንጨት ብዛት ነው። ውጩ ከስሎ ውስጡ ጥሬ የቀረ በድን ተከፍቶ እንደ ተጣለ ይቆጠራል። እንጨቱ መብቃቱን ከተጠራጠራችሁ ቅበሩ።

ጉድጓዱ ቢያንስ 2 ሜትር ይጠልቅ፤ ከጉድጓድ ውሃ፣ ከምንጭና ክረምት ጎርፍ ከሚያጥበው ቦታ ይራቅ። በተቻለ መጠን ከብቱ ከሞተበት ቦታ ሥር ወይም አጠገቡ ይቆፈር። ደም የነካው አፈር፣ ጭድ፣ እበትና የተበላሸ ጨርቅ አብሮ ይግባ። ብዙ ሰው ላዩ ላይ ኖራ ይነሰንሳል፤ እዚህ ግን አይመከርም። ኖራው ውስጥ ያለው ካልሲየም ስፖሩ አፈር ውስጥ እንዲቆይ ያግዘዋል ተብሎ ይታመናል፤ በሽታው ካልሲየም በበዛበት አፈር የሚደጋገመውም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ይነሳል። መሬቱ አለት ሆኖ መቆፈር ካልተቻለ፣ ሸራውንና እሾህ አጥሩን አጠንክሮ በድኑን ሳይከፍቱ እዚያው ማስበስበስ ሁለተኛው አማራጭ ነው።

ሥራው ሲያልቅ እጅን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታጠቡ። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ስፖርን አይገድልም፤ በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ነገር እዚህ አይሠራም። ልብስንና ቢላዋን ከ30 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ ቀቅሉ። ለቦት ጫማና ለወለል 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጡ፤ ግን መጀመሪያ ደሙንና ጭቃውን እጠቡ፤ በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉ ቶሎ ይደክማል። አፈርና እበት ላይ ማፍሰስ ብሩን ከማባከን በቀር አይረባም።

ሰው ከነካው ወይም ከበላው

አብዛኛው የሰው አባ ሰንጋ በቆዳ በኩል የሚገባ ነው። በተለምዶ ከ1 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እጅ፣ ክንድ፣ ፊት ወይም አንገት ላይ የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል፤ ውሃ ይቋጥርና መሐሉ ይጠቁራል። ዙሪያው በጣም ያብጣል፤ ጥቁሩ ግን አያምም። ሰዎችን የሚያዘናጋቸውም ይኸው ሕመም አልባነቱ ነው። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል፤ በጊዜው ከታከመ የሚሞት ከስንት አንድ ነው። አትብጡት፣ አትተኩሱት፣ ቅጠልም አታስሩበት፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቀላል ለሆነው የቆዳ ሕመም ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ከ7 እስከ 10 ቀን ያዛል። መድኃኒቱ ተጀምሮም ጥቁሩ ቅርፊት ወዲያው አይለቅም፤ በራሱ ጊዜ እስኪነሳ ሳምንታት ይፈጃል። ይህ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ስላልሆነ አታቋርጡ።

ሥጋውን የበላ ሰው ምልክት አይጠብቅ። ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ትውከት ወይም ተቅማጥ እስኪመጣ ድረስ በሽታው ሩቅ ሊሄድ ይችላል፤ ይህኛው ዓይነት ከቆዳው እጅግ ገዳይ ነው። ወጥ ሆኖ በደንብ ስለበሰለ ደህና ነው የሚለውም አይሠራም፤ ተራ ማብሰል ስፖርን ለመግደል አስተማማኝ አይደለም፤ ሥጋውን የከተፈው እጅና መክተፊያውም አሉ። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ «ቆስያለሁ» ብቻ ሳይሆን «ድንገት የሞተ ከብት ነክቻለሁ» በሉ፤ ምርመራውን የሚመራው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የእንስሳት ጤና ባለሙያው በዚያው ቀን ከተደዋወሉ፣ ሥጋ የደረሳቸውን ቤቶች ሁሉ ማግኘት ይቻላል። የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አብረው የሚሠሩበት «አንድ ጤና» የሚባለው አሠራር በቀበሌ ደረጃ ሲወርድ ይኸው የስልክ ጥሪ ነው። ኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. ከእንስሳት ወደ ሰው ለሚተላለፉ በሽታዎች ቅደም ተከተል ስታወጣ አባ ሰንጋ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ከአምስቱ ዋና ዋናዎች አንዱ ሆኗል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ እጅግ ብርቅ ስለሆነ የታመመውን ማግለል አያስፈልግም።

የቀረው መንጋ

ከብቶቹን ከዚያ ሜዳ አውጡ። ትኩሳት ያለባቸው ተለይተው በባለሙያ ይታከሙ፤ ወተታቸው አይጠጣ፣ ለጥጃም አይሰጥ። ደህናዎቹ ይከተቡ። ክትባቱ ማክስ ስተርን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያገኘው የተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ ነው፤ በአገር ውስጥ ቢሾፍቱ ይመረታል። ሕያው በመሆኑ ሁለት ስህተቶች ይገድሉታል። አንደኛው ሙቀት ነው፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተያዘ፣ የተወጋው ከብት ተከተበ አይባልም። ሁለተኛው አንቲባዮቲክ ነው፦ ፔኒሲሊን የተወጋ ከብት በዚያው ሰሞን ቢከተብ መድኃኒቱ ክትባቱን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ታክሞ የዳነው ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ይከተብ። የተወጋበት ቦታ ጥቂት ቀን ቢያብጥ አትደንግጡ።

ክትባቱ በየዓመቱ ይደገማል። ጊዜው በአካባቢው በሽታው ከሚነሳበት ወቅት አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ረጅም ደረቅ ወቅትን ተከትሎ ዝናብ ሲጥል ነው፤ ጎርፉ ስፖሩን አጥቦ ረግረጋማ ቦታ ያከማቸዋል፤ ሣሩ ሲያጥር ከብቱ አፈር ጭምር ይግጣል፤ የደረቀው ቁጥቋጦም አፉን ይቧጭረዋል። የተቀበረበትን ቦታ በድንጋይ ክምር ምልክት አድርጉና ለቀበሌው አስመዝግቡ። መንገድ ወይም የቤት መሠረት ሲቆፈር አሮጌ መቀበሪያ መነካቱ ያለ ነገር ነው።

ለከተማ ሰው አንድ ነገር፦ ለመስቀል ወይም ለፋሲካ ቅርጫ ስትገቡ በሬውን ቆሞ ሲራመድ እዩት፤ ከመታረዱ በፊት ማን እንደመረመረውም ጠይቁ። ሥጋው ከገበያው ዋጋ በጣም ረክሶ፣ «ሌሊት ድንገት ወድቆ ነው ያረድነው» ከተባላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያም ደውሉ።