የሰመጠ መርከብ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት የአየሩን ሂሳብ ሥሩ

ግብፅ፣ ቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው ሻርም ኤል ሼክ ሄዳችሁ፣ ጠልቃችሁ ቲስትልጎርም የተባለችውን የሰመጠች መርከብ ለማየት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከካሜራው በፊት አየራችሁን አስቡ። በ1941 እ.ኤ.አ. በጀርመን አውሮፕላኖች ተመትታ የሰመጠችው ይህች የእንግሊዝ ጭነት መርከብ ያረፈችው 30 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። እዚያ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው አራት እጥፍ ነው፤ አየሩም በአራት እጥፍ ፍጥነት ያልቃል።

ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2400 ሊትር አየር ይይዛል። ከውሃው በላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ታች 80 ሊትር ይፈጃል። በቃ፣ ጠቅላላው 30 ደቂቃ ነው፤ ያውም ሳይደናገጥና ከውሃው ፍሰት ጋር ሳይታገል (እዚያ ደግሞ ፍሰቱ ብርቱ ነው)። ስለዚህ አየሩን ለሦስት ክፈሉት፦ አንዱ ለመግቢያ፣ አንዱ ለመውጫ፣ ሦስተኛው ላልታሰበ ችግር ወይም አየር ላለቀበት ጓደኛ። የሲሊንደሩ ግፊት መለኪያ (ጌጁ) 130 ባር ገደማ ሲያሳይ፣ ማለትም አንድ ሦስተኛው ሲያልቅ፣ መርከቧ ጭናቸው የነበሩትን ሞተር ብስክሌቶች ገና ባታዩም ተመለሱ።

ይህን የመመለሻ ቁጥር ከመውረዳችሁ በፊት በውሃ ውስጥ መጻፊያ ሰሌዳችሁ ላይ ጻፉት። በዚያ ጥልቀት አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እንደ መጠጥ ራስ ላይ ይወጣል፤ የሰከረው ሰው ደግሞ ደህና ነኝ ባይ ነው።

ሁለት የእጅ ባትሪ ያዙ። ውስጥ ስትዋኙ እግራችሁ ወለሉን አይንካ፤ ደለሉ አንዴ ከተነሣ የገባችሁበት በር አይታያችሁም። መርከብ ውስጥ ለመግባት ያልሠለጠነ ግን ከውጭ ቢመለከት ይሻለዋል፣ ውጩም አይጠገብም። የመልስ በረራችሁን ከመጨረሻው ጠለቃ ቢያንስ 18 ሰዓት አርቁት።